ጠይቁን፦ ጾም፣ ጠበልና የኔታ በልጆች ዕድሜ

በዚህ ዕትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን የሕፃናት አስተዳደግ ጥያቄዎች ሰብስበናል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ከአያት፣ ከአማትና ከአክስት ጋር በአንድ ግቢ የሚኖሩ ናቸው። መልሶቹን የሕፃናት ጤና ባለሙያና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር አብረው አዘጋጅተዋቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ወሯ ነው። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ከባለቤቴ ወላጆች ጋር ነው። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ አማቴ ወተትም ዕንቁላልም ቤት እንዳይገባ ብለዋል፤ «ዕቃው ይነካካል፣ ጾማችንን ታስገድፊናለሽ» ይላሉ። ልጅቷ ሽሮና ሻይ በዳቦ ላይ ናት። ጤና ጣቢያ ስትመዘን ካለፈው ወር ምንም አልጨመረችም።

ከሚዛኑ እንጀምር። የ14 ወር ልጅ ወር ሙሉ ምንም አለመጨመሯ «ጥርስ እያወጣች ነው» ተብሎ አይታለፍም። በ15 ቀን ውስጥ መልሰው ያስመዝኗት፤ የክንዷም ዙሪያ ይለካ። ባለቀለሟ መለኪያ ከ11.5 እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር ባለው ቢጫ ላይ ካረፈች ልጅቷ ተጨማሪ አልሚ ምግብ ያስፈልጋታል። ከ11.5 በታች፣ ቀዩ ላይ ከሆነች ግን በዚያው ቀን ሕክምና ትጀምር።

ስለ ጾሙ፣ ልጅ መጾም የሚጀምረው ሰባት ዓመት ሲሞላው እንደሆነ ካህናቱ ሁሉ የሚያስተምሩት ነው። አማትዎም ይህን ሳያውቁት አይቀሩም። የሚያስጨንቃቸው የዕቃው መነካካት እንጂ የልጅቷ መብላት አይመስለንም፤ በብዙ ቤት ጠቡ የሚነሣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ከመከራከር ዕቃውን መለየት ይቀላል። ክዳን ያለው ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማማሰያና ለብቻው የሚቀመጥ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይግዙ። ሁሉም በአንድ ቅርጫት ይቀመጥ፤ ከቤቱ ዕቃ ጋር አይደርደር። የልጅቷ ምግብ የቤቱ ወጥ ከወረደ በኋላ ይጣድ። አብዛኛውን ጊዜ ነገር የሚያበላሸው ማማሰያው ነው፦ ገንፎውን ያማሰለው ሽሮው ውስጥ ሲገባ አንድ ቀን ከታየ ሁዳዴው እስኪፈታ ሲወራ ይከርማል።

ለመጀመሪያው ሳምንት ከፍስኩ ዕንቁላል ብቻ ይሁን። ከነቅርፊቱ ሲቀቀል ድስቱን የሚነካው ቅርፊቱ ነው፤ የሚላጠውም የልጅቷ ሳህን ላይ ነው። አስኳሉም ነጩም እስኪጠጥር ይቀቀል፣ ይፈርፈርና ገንፎዋ ውስጥ ይግባ። በቀን አንድ ይበቃታል። ሁዳዴ ላይ ፈላጊው ስለሚቀንስ ዕንቁላልም ወተትም ይረክሳል፤ ኪስም አይጎዳም።

ነገሩን ለእናቱ የሚያነሣው ግን ባለቤትዎ ይሁን፤ ምራት ስታነሣው ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። የንስሐ አባታችሁ ለጸሎት ቤት ሲመጡ አማትዎ ባሉበት ይጠየቁ፤ ጥያቄውም ቁርጥ ያለ ይሁን፦ «አባታችን፣ የ14 ወር ልጅ ወተትና ዕንቁላል ብትበላ በዚህ ቤት ጾመኞች ላይ የሚመጣ ዕዳ አለ ወይ?» ብሎ። «ጾም ለልጅ ይከብዳል ወይ?» ተብሎ ከተጠየቀ መልሱም እንደ ጥያቄው ይድበሰበሳል። አማትዎን ከነገሩ አያርቋቸው። እህሉን ማመስና ማስፈጨት የእርሳቸው ሥራ ይሁን፤ ፍስክ የለበትም፣ ሙያውም ያላቸው እርሳቸው ናቸው።

የእህሉ አዘገጃጀት እንዲህ ነው። ሦስት እጅ ገብስ ወይም ስንዴ (ግማሹ አጃ ቢሆን ይመረጣል)፣ አንድ እጅ ባቄላ ወይም ሽምብራ። ባቄላው አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ በፀሐይ ይድረቅ፣ ይታመስ፣ ይከካ፣ ገለባው ይውጣ። ገብሱም ተፈትጎና ታምሶ አብሮ ይፈጭ፤ ወንፊቱ ደቃቅ ይሁን። ለአንድ ወር የሚበቃ ብቻ አስፈጭተው ደረቅ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ። ሰሊጥ ወይም ኑግ መጨመር ጥሩ ነው፤ ዱቄቱ ውስጥ ከተፈጨ ግን ቅባቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ለየብቻው ተወቅጦ ሲበስል ይጨመር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውኃ የሚፈላው ከ90 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ጥራጥሬ ያለበት ገንፎ አዲስ አበባ ካለው ዘመድ ቤት የበለጠ ጊዜ የሚፈልገው ለዚህ ነው፤ ከፈላ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይማሰል። የዕንቁላሉ ሳምንት ካለፈ በኋላ በውኃ ፈንታ የፈላ ወተት ቢገባበት ይመረጣል። ወተቱ ጎረቤት ካለች ላምም ቢመጣ ሳይፈላ አይሰጥ።

ውፍረቱን በማንኪያው ይዩት፦ ሲዘነበል ቶሎ የሚፈስ ከሆነ አጥሚት ነው፣ ሆድ ሞልቶ ክብደት አይጨምርም። በዚህ ዕድሜ በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 250 ሚሊ ሊትር ከሚይዝ ኩባያ ሦስት አራተኛው እስከ ሙሉው ይሰጣት። በመሃል አንድ ሁለት ጊዜ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች ወይም ዳቦ ትያዝ። ጡቱ እስከ ሁለት ዓመቷ ይቀጥል።

ሻዩ ግን ይቅር። ሻይ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳል፤ ልጅቷ ሥጋ በማታይበት ወቅት ደግሞ ያለቻት ብረት በአብዛኛው እርሷው ናት። በምትኩ ምስር ክክ በጎመን ስትበላ ብርቱካን ቢከተል ብረቱ ይበልጥ ይጠቅማታል።

እርስዎም የሚያጠቡ እናት ነዎት። ከተለመደው ምግብ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ተጨማሪ መብላት አለብዎት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፣ ሥርዓቱ ለአጥቢ እናት መላ አለው።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ በየሳምንቱ ያስለዋል። እናቴ «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» ትላለች፤ ካልሆነም በጠዋት ጠበል ይዛው ልትሄድ ነው። ኅዳር ላይ ነን፣ ውርጭ አለ። (እናት፣ ከጣርማ በር አካባቢ)

እንጥሉ አይነካ። እንጥል ማስቆረጥ ሳል አያድንም። ደም ሊያፈስ፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ፣ መንጋጋ ቆልፍም ሊያመጣ ይችላል። ሕፃናት የሚሞቱበት ነገር ነው። በጥርስ መውጫ ጊዜ ድድ በስቶ «ግግ ማውጣት»ም እንደዚሁ። በዚህ ላይ ከእናትዎ ጋር መሃል መንገድ አይፈልጉ።

በጠበሉ ግን መስማማት ይቻላል። የሚጎዳው ጠበሉ ሳይሆን ሰዓቱና አሰጣጡ ነው። ውርጭ ባለበት ወር ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ስትሞቅ ይሂዱ። ልብሱ ሳይወልቅ ፊቱና ራሱ ላይ ይረጭ፤ ወዲያው በደረቅ ፎጣ ይደረቅና ሌላ ኮፍያ ይደረግለት። በግድ ማስጠጣት አይገባም፦ ጉሮሮው ላይ እየፈሰሰ የሚያለቅስ ልጅ ወደ ሳንባው ይስበዋል፤ ብዙ ጠጥቶ ያስመለሰም ይደርቃል። አንድ ሁለት ጉንጭ ይበቃዋል። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን መረጨቱ ይበቃል፤ የሚጠጣው ጡት ብቻ ነው።

ወደ ጠበል ይሁን ወደ ሐኪም ለመወሰን ትንፋሹን ይቁጠሩ። ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ከፍ አድርገው ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ሠላሳ ሴኮንድ ቆጥሮ ማባዛት ያሳስታል። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር በታች ላለ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም አልነቃ ያለ ልጅ ጤና ኬላ ሳይጠብቅ ሆስፒታል ይድረስ። ለ5 ቀን የታዘዘለት አሞክሲሲሊን ሁለተኛው ቀን ላይ ስለተሻለው አይቋረጥም። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ የምትገቡ ቤተሰቦችም የልጁን መድኃኒት ይዛችሁ ግቡ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም በሽታው ብሶ ይመለሳል። አዳራሽ ውስጥ ብዙ ከሚያስል ሰው አጠገብም ልጅ አታስተኙ።

በየሳምንቱ የሚመላለስ ሳል ግን ብዙ ጊዜ መነሻው ቤት ውስጥ ያለ ጭስ ነው። ምድጃው ከመኝታ ክፍሉ ጋር አንድ ከሆነ ይለይ። ሌሊት ለሙቀት ከሰል አስገብቶ በር መዝጋት ደግሞ ከሳልም የከፋ ነው፦ ጋዙ ሽታ የለውም፣ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ልጁን በጋቢና በሁለት ካልሲ አስተኙት፣ ከሰሉ ደጅ ይደር።

ጥያቄ፦ ፍልሰታ ላይ የ3 እና የ6 ዓመት ልጆቻችንን ልናቆርብ ነው። ባለፈው ዓመት ትንሿ አልቅሳ ተኛች፣ ትልቁ ከቆረበ በኋላ አስመለሰ፤ ሁላችንም ደነገጥን። (ከደብረ ሲና)

ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው ጾም በሥራ ቀን ቅዳሴው ከሰዓት ነው። ለትንሽ ልጅ ይህ በጣም ረጅም ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን ጠዋት ስለሚቀደስ ለልጆቹ እነዚያን ቀናት ይምረጡ። የሦስት ዓመቷ ስንት ሰዓት ሳትበላ ልትቆይ እንደሚገባት በእርስዎ ግምት አይወሰን፤ ንስሐ አባታችሁን ይጠይቁ። ለሕፃን የሚሰጠው መልስ እንደ አዋቂው 18 ሰዓት አይደለም፤ ብዙ እናቶች ግን ሳይጠይቁ በራሳቸው ልክ ያስጾማሉ። የስድስት ዓመቱ ዋዜማውን በጊዜ ይራት፣ ራቱም እንጀራ ፍትፍት ወይም ሩዝ ይሁን፤ ቅባት የበዛበት ቀይ ወጥ ሌሊቱን ያስጠማዋል።

ማስመለስ ብዙ ጊዜ ከባዶ ሆድ ቀጥሎ በሚመጣ ነገር ይከሰታል፦ ቀዝቃዛ ጠበል በኩባያ ሙሉ ይገለብጣል፣ ወዲያው ባጃጅ ይሳፈራል፣ ቤት ሲገባ ዘይት የጠገበ ፓስቲ ይሰጠዋል። ከቆረበ በኋላ አፉ በነጠላ ተሸፍኖ፣ ጠበሉን በትንሹ ጠጥቶ ይቀመጥ፤ የመጀመሪያ ምግቡ ለስላሳ ዳቦ ይሁን። በዚያ ቀን የሚተፋ ነገር አይበላም፤ ሸንኮራ፣ ማስቲካ፣ ፍሬው የሚጣል ፍራፍሬ ከዓይኑ ይራቅ። ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ጉንፋን የያዘው ልጅ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ። ስድስት ዓመት ጥርስ የሚነቀልበት ዕድሜ ነው፤ የሚነቃነቅ ጥርስ ካለውና ድዱ ከደማ አስቀድመው ለካህኑ ይንገሩ።

ቅዳሴው ላይ ልጅ የሚረብሸው የሰው ጀርባ ብቻ ሲያይ ነው። መስቀሉንና ጽናሐውን ማየት በሚችልበት በኩል ይቁም። ጧፍ ልጅ እጅ ላይ ከተሰጠ ሳይበራ ይሁን፤ ነጠላ እሳት ለመያዝ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጃችን ይናከሳል። አባቴ «ቆንጥጡት» ይላሉ፣ እናቴ «ጅብ ይበላሃል» ትላለች፣ አክስቱ አንዴ በርበሬ ልታጥነው ነበር። (ከእነዋሪ)

በርበሬው ጨርሶ አይሞከር፤ የሕፃን የአየር ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ ሊዘጋ ይችላል። በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚናከሰው ቃል ሲያጥረው ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሲደክመው፣ ሲርበው ወይም ዕቃ ሲቀማ። የነከሰ ጊዜ ከአጠገብ ያለው አንድ ሰው ብቻ ይናገር። በርከክ ብሎ፣ ሁለት እጁን ያዝ አድርጎ «አይነከስም፣ ያማል» ይበልና የተነከሰውን ልጅ ያባብል። አምስት ሰው ሲጮህበት የሚያየው አምስት ሰው ማስጮህ እንደሚችል ነው። አያትየውን፣ አያቲቱንና አክስቱን አንድ ምሽት ቡና ላይ ሰብስበው ሁሉም የሚናገራትን አንዲት ቃል ይስማሙ። ደንቡ ከሦስት አይብለጥ፤ አያት ደግሞ በሌላው ነገር ያባልጉ፣ ወጉ ነው።

ጅቡ ማታ ሽንት ቤት የማይሄድ ልጅ ያተርፋል። «እግዚአብሔር ያቃጥልሃል» የሚለው ግን ከዚያም የከፋ ነው፤ ጸሎት የሚፈራ ልጅ ያሳድጋል።

ጥያቄ፦ መንዝ ነን። አባቴ የአራት ዓመት ተኩሉን ልጄን የኔታ ዘንድ ላስገባው ይላሉ፤ ሚስቴ አጸደ ሕፃናት ትላለች። ሁለቱም ይቻላል?

ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉና ሰዓቱ ከተስተካከለ ይረዳዳሉ። አጸደ ሕፃናት ከአንደኛ ክፍል በፊት ነው፣ አንደኛ ክፍል በሰባት ዓመት። የኔታ ዘንድ ደግሞ የሚጀመረው ከፊደል ቆጠራ ነው፤ 33 ፊደል በሰባት ረድፍ፣ 231 ይሆናል። ዋናው እንቅፋት እዚሁ ነው፦ ልጁ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በዜማ ይወርዳል፣ አያቱ ደስ ይላቸዋል፣ ፊደሉን ግን አያውቀውም። ሲፈትኑት በስንደዶ ከመሃል አንዱን ያመልክቱና ይጠይቁት፤ ከሀ ጀምሮ እየቆጠረ ከደረሰ ዜማውን ነው የያዘው። የጥንቶቹ መምህራን ይህን ስለሚያውቁ ነው ከፊደል ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣው፦ አ ቡ ጊ ዳ እያለ ረድፉን ስለሚያዘባርቀው በቃል መውረድ አይቻልም። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት ይቀጥላል። ለዚህ ዕድሜ እስከ አቡጊዳ ከደረሰ ብዙ ነው።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከአጸደ ሕፃናት መልስ ምሳ በልቶ ትንሽ ከተኛ በኋላ ይሂድ። አንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ በላይ ሰሌዳው ላይ አይቆይ፤ ሌላውን ጊዜ ትልልቆቹ ሲያነቡ እየሰማ ይጫወት፣ ዜማው የሚገባውም ያኔ ነው። በቀን ሦስት አዲስ ፊደል ይበቃል። መልካቸው የሚቀራረቡት (ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ጸ እና ጰ) በአንድ ቀን አይሰጡ። ድምፃቸው አንድ የሆነውን ሀ፣ ሐ እና ኀ ለይ ብሎ ማስጨነቅም ለዚህ ዕድሜ አይደለም፤ በስማቸው «ሃሌታው»፣ «ሐመሩ»፣ «ብዙኃኑ» ብሎ ያውቃቸው፣ ይበቃዋል።

ስለ አርጩሜው ከመግባቱ በፊት ለየኔታ በአክብሮት ይንገሯቸው፤ «የኔታ፣ ይህ ልጅ ሲመታ አፉን ይዘጋል፣ በቃል ያዙልኝ» ማለት ነውር የለውም። አባትዎ ልጁን አድርሰው እስኪጨርስ ሰሌዳው አጠገብ ቢቀመጡለት ለቅሶው በሳምንት ሁለት ይቀራል።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ረመዳንን ከእህቶቿ ጋር ልጹም ትላለች። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው። (አባት)

ጾም ግዴታ የሚሆንባት ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ነው፤ ሶላት እንኳ መልመድ የሚጀመረው በሰባት ዓመት ነው። ፍላጎቷን ግን አይስበሩት። ሱሑር አብራችሁ ትብላ፣ እስከ ዙሁር ትቆይና ምሳዋን ትብላ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፣ ያውም ትምህርት በሌለበት ቀን። ሱሑሯ ላይ ገንፎ ወይም ዕንቁላል በዳቦና ሁለት ኩባያ ውኃ ይኑር፤ ጨው የበዛበት ነገር አይኑር። ከእኩለ ቀን ፀሐይ ትጠበቅ። ሽንቷ ከጠቆረ፣ ራሷን ካመማት ወይም ካዞራት ወዲያው ውኃ ትጠጣ። ማፍረስ የሚያሳፍር እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ የምታፍር ልጅ ተደብቃ ከእንስራ ትጠጣለች፣ ወይም ሳትጠጣ ትወድቃለች። ኢፍጣር ላይ አንድ ሁለት ቴምርና ውኃ፣ ቀጥሎ ሾርባ፣ ሳምቡሳው ከመግሪብ ሶላት በኋላ።